ስልኩ የት ይደር?

እዚህ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ከሐረር ጋር ካስተያየናት ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። የግድግዳ ሰዓት ይህን አያውቅም፤ ከሐረር እስከ ጎሬ እኩል ይቆጥራል። ገላችን ውስጥ ያለው ሰዓት ግን ያውቃል። አንጎል ሥር የተቀመጡ 20,000 ያህል የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ሰዓት በእጅ እንደሚሞላ ሁሉ እነሱን በየቀኑ የሚሞላቸው በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። ይህ የውስጥ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በትንኝ መሰል የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ፈልቅቀው ያወጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል።

ጎሬ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች የረጅሙና የአጭሩ ቀኗ ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ይመሻል፣ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ይነጋል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰማይ ሥር የሚኖር ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ምን ያስፈጥጠዋል? «ስልክ ነዋ!» ይባላል። በመልሱ እስማማለሁ። የማልስማማው ስልኩ እንዴት እንቅልፍ እንደሚነሳ በሚነገረው ነው፤ ምክንያቱን የሳተ ሰው መፍትሔውንም ይስታል።

«ጨረሩ ነው እንቅልፍ የሚነሳን»

ቡና ላይ በብዛት የሚሰማው ይህ ነው፤ እውነቱ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ስልክ የሚያሰራጨው የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንደ ራጅ ጨረር የገላን ሞለኪውል የሚሰብር ጉልበት የለውም። ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሣም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው መደብ አስገብቶታል። መደቡ ግን የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው መጠን አይደለም፤ ከሬት ሙሉ ቅጠል የሚወጣ ጭማቂም እዚያው መደብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ግምገማ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም።

ጨረር የፈራ ሰው ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያደርግና ቀን ያወረደውን ፊልም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እስከ 8 ሰዓት ያያል። ተጠንቅቄያለሁም ይላል። ትራስ ሥር የሚፈራ ነገር ካለ ሙቀት ነው። እየሞላ ያለ ስልክ በትራስና በብርድ ልብስ ሲታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ባትሪው ያበጠ ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ እሳት ሊነሣ ይችላል። ይህኛው ተረት አይደለም።

«የሰማያዊ ብርሃን ማጣሪያውን አብርቻለሁ፤ ስክሪኑ ቢጫ ሆኗል፣ ምን ቀረ?»

ይህ ግማሽ እውነት ስላለው ረጋ ብለን እንየው። ዓይናችን ከሚያይባቸው ሴሎች ሌላ የብርሃኑን መጠን ብቻ የሚለኩ ሴሎች አሉት። በጣም የሚያነቃቸው ሰማያዊ ብርሃን ነው። መልእክታቸው ለውስጡ ሰዓት ሲደርስ ሰዓቱ ሜላቶኒን የተባለውን፣ «መሽቷል» እያለ ለገላ የሚያውጀውን ሆርሞን ያዘገያል። እስከዚህ ልክ ነው።

መጠኑ ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የቦስተን ተመራማሪዎች ያሳተሙት፣ ዛሬም በየቦታው የሚጠቀስ ጥናት አለ። 12 ሰዎች ለአምስት ምሽት ከመኝታ በፊት አራት ሰዓት ያህል በታብሌት፣ ለሌላ አምስት ምሽት በወረቀት መጽሐፍ አነበቡ። ታብሌቱ ብርሃኑ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ክፍሉ ደብዝዞ ነበር። በታብሌቱ ምሽት ሜላቶኒን ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የውስጡ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። እንቅልፍ የዘገየው ግን በ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀላል ነገር አይደለም፣ ግን ሰውን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚያስቀምጠው ይህ 10 ደቂቃ ሊሆን አይችልም።

የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ ነገር አሳዩ። ቀኑን ከስድስት ሰዓት በላይ ደማቅ ብርሃን ውስጥ የዋሉ 14 ሰዎች ማታ ሁለት ሰዓት በታብሌት ቢያነቡም ሜላቶኒናቸውም እንቅልፋቸውም ወረቀት ካነበቡበት ምሽት አልተለየም። የቀን ብርሃን የጠገበ ዓይን ለማታው ብልጭታ ደንታ የለውም እንደማለት ነው። የጎሬ ሰማይ ደመና ቢበዛበትም፣ ደጅ ያለው ብርሃን ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማሳ የዋለና ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማታ አንድ ዓይነት ስልክ ቢይዙም ገላቸው እኩል አይቀበለውም።

ቢጫው ማጣሪያስ? እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ 167 ወጣቶችን በሦስት ከፍለው አዩ፦ ማታ ስልክ በማጣሪያ፣ ስልክ ያለ ማጣሪያ፣ ጨርሶ ያለ ስልክ። ማጣሪያው እንቅልፍ አላሻሻለም። ከወትሮው በደንብ ይተኙ ከነበሩት መካከል ስልክ ያልነኩት ጥቂት ተሽለው ተገኙ፤ ማጣሪያ የከፈቱትና ያልከፈቱት ግን ያው ነበሩ።

እንግዲህ ብርሃኑ ብቻ ካልሆነ ጉዳዩ በስክሪኑ ላይ ያለው ነው። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው። ሬዲዮም ድሮ የዕለቱን ሥርጭት ዘግቶ ደህና እደሩ የሚልበት ሰዓት ነበረው። ቲክቶክ ደህና እደሩ አይልም። አውራ ጣት እስካለች ድረስ የሚቀጥለው ይመጣል፤ በመሃል የሚያስደነግጥ ወሬ፣ የሚያናድድ አስተያየት፣ የሚያስቅ ልጅ። ገላ ተጋድሟል፣ ልብ ገበያ ውሏል።

እኛ ዘንድ አንድ ምክንያት ይጨመራል፤ የውጭዎቹ ጥናቶች ላይ አላየሁትም። የሌሊት ፓኬጅ! ዳታ የሚረክሰው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ በቴሌግራም የሚሰራጨውን የአምና ጥያቄና ማስታወሻ ለማውረድ ሌሊቱን ይጠብቃል፤ ያወርዳል፤ አውርዶም አይቀር፣ ያልተቃጠለው ዳታ እንዳይባክን ቪዲዮ ይከፍታል። በእንቅልፍ ዋጋ የተገዛ ርካሽ ነው። ማውረዱን ጀምሮ ስልኩን በር አጠገብ ትቶ መተኛት ግን ይቻላል፤ ስልክ ለማውረድ ተመልካች አይፈልግም።

«ድሮ ሰው ከዶሮ ጋር ይሰፍር ነበር»

ይህ አባባል ለስልክ ያልሠራውን ኃጢአት ይጭንበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ኤሌክትሪክ በሌለበት የሚኖሩ 94 ሰዎችን ተከታትሏል፦ የታንዛኒያ ሀድዛዎችን፣ የናሚቢያ ሳኖችንና የቦሊቪያ ቺማኔዎችን። በአማካይ የተኙት በሌሊት ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ነው። ፀሐይ እንደጠለቀችም አልተኙም፤ በአማካይ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ቆይተዋል። ይህን ወደ ጎሬ ብናመጣው እራት ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ወሬ ተወርቶ ወደ 4 ሰዓት ገደማ መተኛት ማለት ነው። አያቶቻችንም ምናልባት ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

ስልክ አለመኖሩም ብቻውን እንቅልፍ አይሰጥም። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ በራስ እምሩ ሥር የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ የዚያን ክረምት ሌሊት እዚህ ያነጋ ሰው እንቅልፍ ለመንሳት ስክሪን እንደማያስፈልግ ያውቃል። ከዚህም ይቅረብ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2,500 በላይ ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት ከግማሽ በላዩ እንቅልፋቸው ደካማ መሆኑን አግኝቷል። ያኔ ስማርት ስልክ በየተማሪው ኪስ አልነበረም።

ከስልክ በፊት የነበረውን ካነሣን ቡናን ማለፍ አንችልም፣ በተለይ በኢሉባቦር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ የመዘገበው የያዩ የቡና ደን ቅርባችን ነው፤ ቡና እዚህ ሳይተከል የሚበቅል ዛፍ ነው። «ለለመደው ምንም አያደርግም» ይባላል። ልማድ ልብ መምታቱን ያስታግሳል እንጂ ካፌይኑን ከደም አያጠፋም። ከተጠጣው ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ማታ 2 ሰዓት ላይ አቦልን የጠጣ ሰው 7 ሰዓት ላይም ግማሹ ደሙ ውስጥ አለ። አንድ ጥናት ላይ ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። እንቅልፍ እምቢ ሲል እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል፣ ጠዋት የሚወቀሰው ስልኩ ነው። ቡናውን ተዉ ለማለት አልደፍርም፤ ሰው ያሳድደኛል። የማታውን ቡና ቀደም ማድረግ ወይም ከበረካው ላይ መድረስ ግን ያስኬዳል።

«ከመኝታ ቤት አስወጡ የሚለው ቤቱ ስንት ክፍል ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መከራከሪያ የለኝም። ምክሩ የተጻፈው መኝታ ቤት፣ ሳሎንና ኮሪደር ላለው ሰው ነው። በአንድ ክፍል አራት ሰው በሚያድርበት ቤት «ማስወጣት» ማለት ዝናብ ላይ መጣል ነው። ሶኬቱ ያለው አልጋው ራስጌ ብቻ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ውሎ ማታ ሲመጣ ሁሉም ስልክ አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካል። በዚያ ላይ ስልኩ ባትሪም ነው፣ ሰዓትም ነው፣ ሬዲዮም ነው፤ ሌሊት ደጅ የሚወጣ ሰው የሚያበራው በእሱ ነው።

ታዲያ ዋናው ነገር ግድግዳ ሳይሆን ክንድ ነው። ተጋድሞ እጅ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ቡፌ ላይም፣ በር አጠገብ ሚስማር ላይ በተሰቀለ ከረጢት ውስጥም ያው ነው። ከ125,000 በላይ ሕፃናትና ወጣቶችን የሸፈኑ 20 ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ያገኘው ይገርማል፦ መሣሪያው አጠገባቸው ያደረ ልጆች፣ ባይጠቀሙበት እንኳ፣ በቂ እንቅልፍ ያለማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ይህ አብሮ መገኘትን እንጂ ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። እኔ ግን ልጅ ላለው ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ትልቅ ሰው ልጁን ቀምቶ ራሱ ካፈጠጠ ግን ልጁ የሚማረው መደበቅን ነው።

«ሌሊት ቢደወልስ?»

ይደወላል። ዋሽንግተን ያለው ወንድም ከሥራ ሲወጣ እዚህ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ የሰዓቱ ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ነው። ሪያድ ያለችው እህት ሰዓቷ ከኛ ጋር አንድ ቢሆንም፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ከሆነ እጇ የሚፈታው አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው። እነዚህን ሰዎች «ስልኬን አጥፍቼ ነበር» ማለት ያማል።

ማጥፋትም አያስፈልግም። ማንኛውም ስማርት ስልክ «አትረብሹኝ» የሚል ማስተካከያ አለው፤ የተመረጡ ሰዎች ሲደውሉ ብቻ ይጮኻል፣ የቀረው መልእክት ሁሉ ጠዋት ይጠብቃል። በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የሚደውሉ ከሆነ ያንንም ለይቶ መፍቀድ ይገባል። ከፍ ያለ ድምፅ፣ ራቅ ያለ ቦታ። «ክፉ ወሬ ቢመጣስ» ለሚለው ደግሞ ወጋችን ራሱ መልስ አለው። መርዶ እንኳ ሰው እንቅልፉን እስኪጠግብ ተጠብቆ ጎሕ ሲቀድ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ ፌስቡክ ላይ 7 ሰዓት ሌሊት የሚነበብ መርዶ የዚህ አገር ሥርዓት አይደለም።

አላርሙም ከሩቅ ይሻላል። ሳይነጋ መቱ መናኸሪያ ደርሶ የአዲስ አበባን አውቶቡስ የሚይዝ፣ ወይም ለቅዳሴ ወይም ለሱብሂ የሚነሣ ሰው፣ አጠገቡ ያለውን አላርም ዓይኑን ሳይገልጥ ያጠፋዋል። በር አጠገብ ያለውን ለማጥፋት መነሣት አለበት። አንድ ችግር አለ፣ እሱም የኛው ነው፦ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲወርድበት ከቤቱ ማዶ ያለ ስልክ ላይሰማ ይችላል። ያኔ ስልኩን ባዶ ጣሳ ወይም ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ማስቀመጥ ነው፤ ድምፁ ይጎላል፣ ሲንቀጠቀጥም ጣሳው ይንጫጫል። የተኛው ቀርቶ ጎረቤት ይነሣል።