የማሲንቆ ቅኝትና የፒያኖ ልክ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በተንጣለለው፣ ርብና ጉማራ በሚያቋርጡት የፎገራ ሜዳ፣ እንዲሁም የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚለያዩባት ወረታ፣ በሠርግ የሚሰማው ማሲንቆ የሚቃኘው አስቀድሞ በተደነገገ ልክ ሳይሆን በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። አዝማሪው ከፈረስ ጭራ የተሠራውን ብቸኛ ክር፣ በዘንጉ ጫፍ ያለውን መቃኛ እንጨት እያዞረ፣ ድምፁ ሳይጨነቅ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ከፍታ እስኪያገኝ ድረስ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል፤ ያው ዜማ በሌላ አዝማሪ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢጀመርም ስህተት አይባልም። ሊዛነፍ የማይገባው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ሲሆን፣ የርቀቶቹ ሥርዓት ቅኝት ይባላል፤ ዋና ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አንዳንድ አውታሮቹ እንደገና መወጠር ወይም መላላት ሲኖርባቸው፣ የማሲንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን ፈቀቅ ማድረግ ይበቃዋል።

88 ቁልፎች ያሉት ፒያኖ ከ200 የሚበልጡ ሽቦዎቹ በቶን የሚቆጠር ውጥረት ስለሚሸከሙ፣ ዘፋኝ በተለወጠ ቁጥር ሊቃኝ አይችልም፤ ከቫዮሊንና ከመለከት ጋር ሲጫወትም ሁሉም የሚስማሙበት ልክ ያስፈልገዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 «ላ» የተባለው ድምፅ በሰከንድ 435 ጊዜ እንዲርገበገብ በሕግ ወሰነች፤ በ1939 ለንደን ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ግን ዛሬ የሚሠራበትን 440 መረጠ። ቃኚው ይህን ድምፅ ሹካ ከሚመስል የብረት መቃኛ ይወስዳል፤ አንዱ ሽቦ 440፣ ሌላው 442 ጊዜ ቢርገበገብ ድምፃቸው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ጎላ ደከም ሲል ስለሚሰማ፣ ይህ መወዛወዝ እስኪጠፋ ድረስ ሽቦውን ያስተካክላል። ቀጥሎም ኦክታቭን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እጥፍ ፍጥነት ወዳለው ድምፅ ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል እርከኖች ይከፍላል፤ ለእኩልነቱ ሲባልም ከኦክታቭ በቀር ፍጹም ንጹሕ የሚሆን ርቀት አይቀርም።

ማሲንቆ ከኪቦርድ ጋር ሲጣመር ይህን ክፍፍል ለመቀበል ይገደዳል፤ ኅብረቱ ብዙ መሣሪያዎችን በአንድነት ለማሰማት ቢጠቅምም፣ የአዝማሪው ጣት በሁለት እርከኖች መካከል የሚያገኛቸው ረቂቅ ድምፆች ይጠፋሉ፤ ይህም ቀላል ኪሳራ አይደለም። አዲስ አበባ በሚገኘው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖም ማሲንቆም የሚሰጡ በመሆናቸው፣ ተማሪው ሁለቱንም አሰማም፣ የ440ውንና የጉሮሮውን፣ በአንድ ጆሮ የመያዝ ዕድል አለው።