ተርሚናሉ «ሰላም»ን ለምን ቁጥር አደረገው?

ከሊኑክስ ዴስክቶፓችሁ በኤስኤስኤች ሩቅ ያለ ሰርቨር ውስጥ ገባችሁ እንበል። እዚያ «ሰላም» የሚባል ፋይል አለ። በ«ኤልኤስ» ስትዘረዝሩ ግን ስሙ የለም፤ በቦታው 341፣ 210፣ 260 እያለ የሚቀጥል፣ በየመሀሉ ጭረት የገባበት የቁጥር ሰልፍ ቆሟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም! ማሽኑ ያሉትን ባይቶች አንድም ሳያጎድል እየዘረዘረላችሁ ነው፤ ፊደል መሆናቸውን ብቻ አላወቀም።

ነገሩን አስደሳች የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ተርሚናል አማርኛን የሚያበላሸው በዘፈቀደ አይደለም። የብልሽቱ መልክ ራሱ ችግሩ የት ቦታ እንደተፈጠረ ይናገራል። መልኩን መለየት ከቻላችሁ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መስመር ትዕዛዝ አያልፍም።

መጀመሪያ ፊደላችን ምን ሆኖ እንደሚጓዝ እንይ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበትን ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. ነድፈውታል። በዚህ አሠራር ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ የእኛ ፊደል ሦስት ይፈልጋል። «ሰ» ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። «ላ» 225፣ 136፣ 139። «ም» 225፣ 136፣ 157። ልብ አላችሁ? ሦስቱም በ225 ይጀምራሉ። በዋናው የፊደል ሠንጠረዥ ከ«ሀ» ጀምሮ ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ቅድም ያየነው 341ም ይኸው 225 ነው፤ «ኤልኤስ» በአሥር ሳይሆን በስምንት መሠረት ስለሚጽፈው ነው ሌላ የመሰለው።

እነዚህ ባይቶች እናንተ ጋ እስኪደርሱ በብዙ እጅ ያልፋሉ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ያነባቸዋል፣ ኤስኤስኤች ያጓጉዛቸዋል፣ የእናንተ ተርሚናል ይተረጉማቸዋል፣ ፎንቱ ይስላቸዋል። ከእነዚህ መሀል ኤስኤስኤችን ከተጠርጣሪነት አውጡት፤ ባይት ያመላልሳል እንጂ የፊደል ጉዳይ አያገባውም።

ቁጥር ወይም የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሳ «ሎኬል» የሚባለውን የቋንቋ ቅንብር ያያል። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኤስኤስኤች የእናንተን ቅንብር ይዞ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ግን ያንን ሎኬል ካልጫነ «ሲ» ወደሚባለው ጥንታዊ ቅንብር ይመለሳል። «ሲ» የሚያውቀው 128ቱን የአስኪ ምልክቶች ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ለእሱ ባዕድ ነው። ሰርቨሩ ላይ «ሎኬል» ብላችሁ ጻፉና የሚመልሰውን እዩ፤ «ዩቲኤፍ-8» የሚል ከሌለበት ጥፋተኛው ተገኘ። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ባይኖራችሁም «ላንግ» የሚባለውን ተለዋዋጭ በ«ኤክስፖርት» ትዕዛዝ «ሲ.ዩቲኤፍ-8» ማድረግ ትችላላችሁ። ይህ ሎኬል ጂሊብሲ ከሚባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ጋር በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.35 እትም ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ደቢያን ላይ ከዚያም በፊት ነበር። አንድ ወጥመድ አለ፦ «ኤልሲ-ኦል» የሚባለው ተለዋዋጭ ተሞልቶ ከተገኘ «ላንግ»ን ይሽረዋል። እሱን ባዶ ሳታደርጉ የፈለጋችሁትን ብታስተካክሉ ለውጥ አታዩም።

ምልክት የተደረገባቸው የላቲን ፊደላት፣ በተለይም አናቷ ላይ ጭረት ያለባት «ኤ» እየተደጋገመች ከመጣች ችግሩ ወደ እናንተ ቤት መጥቷል። ተርሚናላችሁ ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ማንበብ ሲገባው ላቲን-1 በሚባለው በቀድሞው አሠራር አንድ በአንድ እያነበበ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ 225 ቁጥር ያቺ ባለ ጭረት «ኤ» ናት፤ ለዚህ ነው በእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል መነሻ ላይ ብቅ የምትለው። መፍትሔው የተርሚናሉ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የፊደል አሠራሩን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ነው። ፑቲ በሚባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ላይ «ትራንስሌሽን» በሚለው ገጽ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ እኔን በጣም የሚገርመኝን ላሳያችሁ። በዚያ በቀድሞው አሠራር ከ128 እስከ 159 ያሉት ባይቶች ፊደል አይደሉም፤ ለተርሚናሉ የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው። 136 «እዚህ ላይ የታብ ማቆሚያ አኑር» ማለት ነው፤ ከ«ሀ» እስከ «ሸ» ቤተሰብ ያሉት ፊደላት ሁለተኛ ባይታቸው ደግሞ 136 ነው። 155 «ቀጥሎ የጠቋሚ ወይም የቀለም ትእዛዝ ይመጣል» ይላል፤ «ማ» እና «ኛ» ሁለቱም በ155 ያልቃሉ። 157 «የሚከተለውን አትጻፈው፣ የመስኮቱ ርዕስ ወይም ሌላ መልእክት ነው» ይላል፤ የ«ም» መጨረሻ ነው። ስለዚህ እንደ ኤክስተርም ባለ ተርሚናል ላይ፣ ዩቲኤፍ-8 ጠፍቶ «አማርኛ» የሚለው ቃል ቢታተም ተርሚናሉ ሁለት ጊዜ የ155 ትእዛዝ የተሰጠው ይመስለዋል። «ሰላም» ሲታተምማ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ሊውጠው ይችላል። ስክሪኑ ተዘበራርቆ አልመለስ ካለ «ሪሴት» ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ፤ የምትጽፉት ባይታያችሁም ይሠራል።

በፊደላቱ ፋንታ የስር ጭረት ብቻ ከተደረደረ አንድ ተርሚናል ውስጥ ብዙ መስኮት የሚከፍተውን ቲመክስን ጠይቁ። ቲመክስ ተርሚናላችሁ ዩቲኤፍ-8 የሚችል ካልመሰለው እንዲያ ይተካል። «ዩ» በሚለው ምርጫ ስታስነሱት ይስተካከላል። ሎኬሉን ከማስተካከላችሁ በፊት የተከፈቱ ፕሮግራሞች የድሮውን ቅንብር እንደያዙ ስለሚቆዩ ዘግታችሁ ክፈቷቸው።

ባዶ ሳጥን ከታየ ደስ ይበላችሁ! ባይቱም ሎኬሉም ተርሚናሉም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ፎንቱ የሚጫነው ታዲያ እናንተ ፊት ለፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ቢጫን ምንም አይፈይድም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይበቃል። ከዚያ በኋላ «ጨ»ን የመሰሉ ሰፋፊ ፊደላት ጎረቤታቸው ላይ ቢወጡ አትደነቁ፤ ተርሚናል ለእያንዳንዱ የእኛ ፊደል የሚመድበው እንደ ላቲኑ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ጂኖም ተርሚናል ላይ የክፍሉን ስፋት ከፕሮፋይሉ ቅንብር ትንሽ ጨመር ማድረግ ይቻላል።

የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር አልማዝ ከመጣ ደግሞ ተርሚናሉ ዩቲኤፍ-8 እየጠበቀ ያልሆነ ነገር ደርሶታል ማለት ነው። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ካሉ ከዩኒኮድ ውጪ የሆኑ ፎንቶች ዘመን የተረፉ ሰነዶች እንዲህ ሊታዩ ይችላሉ፤ የአማርኛው ቅርጽ ያለው ፎንቱ ላይ እንጂ ባይቱ ላይ ስላልሆነ እነሱን መቀየሪያ ፕሮግራም እንጂ ቅንብር አያድናቸውም።

እንግዲህ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሂዱ። ኤስኤስኤች ሳትከፍቱ እዚያው ተርሚናላችሁ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ፤ በደንብ ከታየ ፎንቱና ተርሚናሉ ነጻ ወጡ። ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ ሎኬሉን እዩ፣ ከዚያ ቲመክስን። ጥርጣሬ ከቀረ «ኦዲ»ን «ቲ ዩ1» ከሚል ምርጫ ጋር ፋይሉ ላይ አሂዱት፤ ባይቶቹን በቁጥር ያወጣላችኋል። 225 እየተመላለሰ ከመጣ አማርኛችሁ በሰላም አለ።

እስከዚያ ግን የተበላሸ የመሰላችሁን ጽሑፍ በኤዲተር ከፍታችሁ «ሴቭ» አትበሉ። የተሳሳተ ንባብ ላይ ያለ ኤዲተር እያንዳንዱን 225 እንደ ባለ ጭረት «ኤ» ቆጥሮ 195 እና 161 አድርጎ ሊጽፈው ይችላል፤ ያኔ የማሳያ ችግር የነበረው እውነተኛ የፋይል ብልሽት ይሆናል። እንዲያ ከሆነም ምንም ባይት እስካልጠፋ ድረስ «አይኮንቭ» የተባለው የፊደል አሠራር መቀየሪያ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ለማንኛውም ግን ዋናው ቅጂ እጃችሁ ላይ ይኑር።