የክረምት ጠዋት የልጆች ነው

ሐምሌ ሲገባ መቀሌ ውስጥ ብዙ ቤት በሩን ይዘጋል። ትምህርት ቤት የለም፣ ሰማዩ ዳምኗል፣ ልጆችም ከሳሎን እንዳይወጡ ይጠበቃሉ። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። በዚህ ወቅት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የምሰማው «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» የሚለውን ነው። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ነውና አላቃልለውም፤ ግን ልጁን የሚጎዳው በአብዛኛው የተዘጋው ቤት ነው።

የሳንባ ምች የሚያመጡት ቫይረስና ባክቴሪያ ናቸው። እነሱም የሚመቻቸው ሰው ተጨናንቆ የተቀመጠበትና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ከሰል ሲነድ ጭሱ የሕፃኑን ሳንባ ያዳክማል። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ደግሞ ቤተሰብን በተኛበት ይገድላል። ጋቢ ደርቦ ደጅ የሚሮጥ ልጅ ከዚህ ሁሉ ይተርፋል።

ክረምታችን ለወላጅ የሚመች ጠባይ አለው። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ብዙ ቀን ብራ ይሆናል። ይህን ጠዋት ነው በከንቱ የምናሳልፈው።

አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጃቸው መቆም እምቢ እንዳለ ነገሩኝ። ከተጠቀለለበት ፎጣ አውጥቼ የእጁን አንጓ ስዳብስ አጥንቱ ሰፍቶ፣ እንደ አምባር ቀለበት ሠርቶ አገኘሁት። ሪኬትስ ነው። «ፀሐይ ያሞቁታል?» አልኳቸው። «አዎ ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር አስተኛዋለሁ።» መስኮቱ ተዘግቶ እንደሆነ ስጠይቃቸው በመገረም አዩኝ፤ ብርድ ነው እኮ! ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል፤ ልብስም እንዲሁ። ሙቀቱ ይገባል፣ የሚፈለገው ግን አይገባም። ለልጁ ቫይታሚን ዲ አዘዝኩለት። ለሌሎች ወላጆች የምለው ግን ቀላል ነው፦ ረፋድ ላይ ብራ በሆነ ቁጥር ሕፃኑን ደጅ አውጡት፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጉ፣ እጁንና እግሩን ግለጡለት፣ ፊቱንና ዓይኑን ከፀሐይ ከልሉለት።

ለትልልቆቹም ደጁ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቷል። የአንደኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቀን ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደርጎ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 30 ያህሉ ሩቅ ማየት ተስኗቸው ተገኙ፤ ተጨማሪ ሰዓት ካላገኙት ግን ወደ 40 የሚጠጉት። ስልክ ላይ ተደፍተው ለሚከርሙ ልጆቻችን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በኮሮናና በትግራዩ ጦርነት ዓመታት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው፣ ጨዋታም ፍርሃት ሆኖባቸው የኖሩ ልጆች መሆናቸውንም አልረሳም። ደጅ መውጣት ለእነሱ ከማንም በላይ ይገባቸዋል።

ደግሞ እናት ብቻዋን አትችለውም። አባቶች፣ እሑድ ጠዋት ልጆቹን ይዛችሁ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ውጡ። የጣሊያን ጦር የመሸገበት፣ ውሃ ተቆርጦበትም ጥር 1888 ዓ.ም. ለቅቆ የወጣበት ቦታ ነው፤ ታሪኩን እየነገራችሁ ስትወጡ ዳገቱ ለልጅ ያጥራል። መኪና ያገኘ ጨለቆት ድረስ ይሂድ፤ በክረምት አረንጓዴው ልብ ይሞላል። በከተማችን ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር፤ ዝናብ ካጠበው በኋላ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ የታተመበት ድንጋይ ይገኛል። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ደክሞኛል አይልም።

ነገር ግን ብረት እንዳይነካ። የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተኩሱን ቢያስቆምም ያልፈነዳው ጥይትና ቦምብ በየሜዳው ቀርቷል፤ ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ ብቅ ይላል። ከመውጣታችሁ በፊት ለልጆቹ በግልጽ ንገሯቸው፦ የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትወርውሩ፣ በመጣችሁበት ተመልሳችሁ ትልቅ ሰው ጥሩ። ከተረገጠ መንገድም አትውጡ። ድንጋይ ተፈልጦ የወጣባቸው ጉድጓዶች በክረምት ውሃ ይሞላሉ፤ ጥልቀታቸው ከላይ አይታይምና ዋና አይታሰብ። ደመናው ሲጠቁር ደግሞ ከወንዙ ዳር ተነሱ፤ ላይኛው አገር የዘነበው ጎርፍ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ይደርሳል።

ስትመለሱ መንገድ ዳር በለስ ትገዛላችሁ፤ ወቅቱ ነው፣ እኔም እገዛለሁ። ለትንሽ ልጅ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃዋል። ብዙ ሲበላ ዘሩ አንጀት ውስጥ ተጠራቅሞ እንደ ጭቃ ይደርቃል። ልጁም ሆዱ ተነፍቶ፣ መቀመጥ አቅቶት እያለቀሰ ይመጣል፤ ነሐሴ ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን እናያለን። ውሃ በብዛት አጠጡት፤ ሁለት ቀን ካልወጣለት እቤት ሳታቆዩ አምጡት። ደቃቁ እሾህ ጣቱ ላይ ከተሰካ አትሹት፣ በአፉም አይምጠጠው፤ የቁስል ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ንቀሉት፣ የቀረውን በወረንጦ አውጡለት።