ለቤት ድመት ምን እናብላት?

ድመት በገጠር ቤት ውስጥ ሥራ ያላት እንስሳ ናት። ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፤ አይጥ ደግሞ እህል ከመጨረሱ ሌላ በሽታ ያመጣል። ታዲያ ብዙ ሰው «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» እያለ ምግብ ይነሣታል። ይህ ስሕተት ነው። ድመት የምታድነው በተፈጥሮዋ ነው እንጂ ስለ ራባት ብቻ አይደለም። የራባት ድመት ግን ድስት ትከፍታለች፤ የወተቱን ዕቃ ትልሳለች፤ ከሕፃን እጅ ትነጥቃለች። ስለዚህ የድመት ምግብ የቤተ ሰቡ ሁሉ ጤና ጉዳይ ነው እንላለን።

ድመት ሥጋ በል ናት። ውሻ እንጀራና ፍርፋሪ በልቶ ይኖር ይሆናል፤ ድመት ግን በዚህ ብቻ አትኖርም። ቶሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ ይህም የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። እርሱን ያጣች ድመት ዓይኗ እንደሚጠፋ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ልቧም እንደሚደክም በ1987 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት መርምረው አስታወቁ።

እዚህ ላይ የጾምን ነገር እናንሣ። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ወተት ከገበታ ይርቃሉ፤ ድመቲቱም የምታገኘው ሽሮ የነካው እንጀራ ብቻ ይሆናል። ጾሙ እኮ የሰው ነው፤ የድመት አይደለም። ዶሮዎቹ በጾምም እንቁላል ይጥላሉና በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ስጧት። ሐይቅ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ የዓሣ ቁራጭ አታጡም፤ ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን ለቅማችሁ ስጧት።

በፍስክ ጊዜ በግ ወይም ዶሮ ሲታረድ ልቡን፣ ሳንባውንና የሥጋውን ቁርጥራጭ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሉላት። ጧትና ማታ ጥቂት ጥቂት ይበቃታል። ንጹሕ ውሃም አይለያት።

የሚከተሉትን ግን አትስጧት፦

1ኛ/ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ፤ ደሟን ይጎዳል።

2ኛ/ የበሰለ የዶሮ አጥንት፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይወጋል።

3ኛ/ ብዙ ወተት፤ ያደገች ድመትን ብዙ ጊዜ ያስቀምጣታል።

4ኛ/ በመርዝ የሞተ አይጥ፤ መርዙ እርሷንም ይገድላል። የሞተውን አይጥ ቶሎ ቅበሩ።

5ኛ/ ጥሬ ሥጋ።

ስለ ጥሬ ሥጋ ጥቂት እንጨምር። በውስጡ ቶክሶፕላዝማ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሊኖር ይችላል። ድመቲቱ ከጥሬ ሥጋም ከአይጥም ታገኘዋለች፤ በኵሷም ታወጣዋለች። ነፍሰ ጡር እናት ይህ በነካው እጅ ብትበላ ተውሳኩ ወደ ፅንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ሰው ራሱ ጥሬ ሥጋ ቢበላም ያው ነው።

ይሁን እንጂ ድመቲቱን ማባረር አያስፈልግም። ኵሱ ሰውን የሚይዘው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ካደረ በኋላ ነውና፣ በየቀኑ ጠርጎ ራቅ አድርጎ መቅበር ነው። ይህን ሥራ ባል ወይም ሌላ ሰው ይሥራው፤ ነፍሰ ጡሯ አትንካው። ከጓሮ የመጣ ጎመንና ሰላጣ በደንብ ይታጠብ። ሊጥ ከማቡካትና ልጅ ከማጉረስ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በመጨረሻም ለድመቲቱ የራሷን ገል ወይም ጣሳ ስጧት፤ ከቤቱ ዕቃ ጋር አትጠቡት። ድስቱና የወተቱ ዕቃ ሁልጊዜ ይከደን። ድመቲቱ ጠግባ፣ ጎተራው ተጠብቆ፣ ልጆቹም ጤነኛ ሆነው ማየት የሁላችን ምኞት ነው።