የመጀመሪያዋ ስኩተር፣ ከዚያም ተከታይዋ

ሮም ውስጥ ቀይ መብራት ሲበራ ስኩተሮች በመኪኖቹ መሃል ተሽሎክልከው ከፊት ይደረደራሉ። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ከረባት ያሰረው የቢሮ ሠራተኛ አንድ ላይ ቆመው አረንጓዴውን ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው መንዳት ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው ሰው አይጠፋም። የዛሬ ስኩተር ማርሽ መቀየርም ሆነ ፍሪሲዮን መያዝ አይጠይቅም፤ ነዳጅ መስጫውን መጠምዘዝ ብቻ ነው። ጀማሪን ቶሎ የሚያደፋፍረውም ይኸው ነው። ሕጉም መንገዱን ይከፍትለታል፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ጣሊያን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 125 ሲሲ መንዳት ይችላል።

ስኩተር ሲፈጠርም የታሰበው ለሞተር ሳይክል እንግዳ ለሆነ ሰው ነበር። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን ሲያወጣ ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክልም አይወድም። ሞተሩን ሸፈነው፣ ከመቀመጫው ፊት ቀሚስ የለበሰችም ሴት በቀላሉ የምትገባበት ክፍት ቦታ ተወ፣ ማርሹን ከእግር ወደ እጅ አመጣው። የመጀመሪያዋ ቬስፓ 98 ሲሲ ስትሆን ጎማዎቿም ትንንሾች ነበሩ።

ጀማሪ ገዢ ከሲሲው በፊት ማየት ያለበት እዚሁ ጎማ ላይ ነው። የሮም አሮጌ ሰፈሮች የተነጠፉት ሳምፒዬትሪኒ በሚባል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ በዘመናት መረማመድ ልሙጥ ሆኗል፣ ዝናብ ሲነካውም ያንሸራትታል፣ በመገጣጠሚያው ላይ ክፍተት አለው። ትንሽ ጎማ እንዲህ ያለ ክፍተትና ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባና መሪውን ያንገጫግጫል፤ ትልቁ ግን ላዩን ያልፋል። ባለ 16 ኢንች ጎማዋ ሆንዳ ኤስኤች በጣሊያን ከተሞች ለዓመታት በብዛት ከተሸጡት ስኩተሮች አንዷ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ 12 ኢንቿ ቬስፓ በበኩሏ በጠባብ መንገድ ቶሎ ትታጠፋለች፣ ለአጭር ሰውም ትመቻለች። መቀመጫው ላይ ወጥቶ ሁለቱንም እግር መሬት ማድረስ ያልቻለ ሰው፣ መልኳ የቱንም ያህል ቢማርከው ሌላ ይፈልግ።

ያገለገለች ስኩተር የሚገዛ ሰው ደግሞ ጎማው ጎን ላይ የታተሙትን አራት አኃዞች ያንብብ። 2319 ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ዕድሜው ከገፋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ መንገድም አይዝም። ኃይልን ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቺንጋ መቼ እንደተቀየረም ይጠይቅ፤ እሱ ከተበጠሰ ስኩተሯ መሃል መንገድ ላይ ትቆማለች።

ከተገዛች በኋላ ብዙ ወጣቶች ቀድመው የሚቀይሩት ማርሚታውን ነው። ድምፁ ያምራል፣ ጉልበት የተጨመረም ይመስላል። ቀጥለው ወደ ሮለሮቹ ይሄዳሉ፤ እነዚህ በማርሽ ምትክ የቺንጋውን አቀማመጥ የሚለዋውጡ ትንንሽ ክብደቶች ናቸው። ቀለል ያሉት ሲገጠሙ ስኩተሯ ከቦታዋ ፈጥና ትነሳለች፣ በምትኩ በከፍተኛ ፍጥነት ትጎድላለች። ከበድ ያሉት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። የሞተሩ ጉልበት ግን ያው ነው። ያ ገንዘብ መጀመሪያ ሊውል የሚገባው ጥሩ ጎማ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጓንትና በልክ የሆነ ሄልሜት ላይ ነው። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ የ2008 ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ድንገት ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ፍሬን ግን በኋላ በጋራዥ የሚጨመር ነገር ስላልሆነ ከግዢው በፊት መወሰን አለበት።

ወደ ትልቅ የመሸጋገሩ ሐሳብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ሲረዝም ነው። በጣሊያን ፈጣን መንገዶች ከ150 ሲሲ በታች ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ስለኖረ፣ ከከተማ ውጭ የሚሠራ ሰው ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ይህ ሽግግር ግን የራሱ አደጋ አለው። ሃሪ ኸርት የተባለው ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ከቦታው ተገኝቶ ካጠና በኋላ በ1981 ያወጣው ዘገባ፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላዩ በዚያች ሞተር ላይ ያላቸው ልምድ ከ5 ወር በታች እንደነበር ያሳያል። በመንገድ ላይ ያላቸው ጠቅላላ ልምድ ግን ወደ 3 ዓመት ይጠጋ ነበር። ብዙዎቹም በጭንቀት ጊዜ የኋላውን ፍሬን አጥብቀው ሲይዙ፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውን የፊተኛውን በሚገባ አልተጠቀሙበትም።

ያማሃ ቲማክስን የመሰሉ ትልልቅ ስኩተሮች ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ከ125 ሲሲ ወደዚያ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባዶ ሜዳ ላይ ቢያሳልፍ ይሻለዋል፦ በሁለቱም ፍሬን ቀስ በቀስ አጥብቆ መቆም፣ በጠባብ ቦታ መዞር፣ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፉ ማቆም። ከኋላ ሰው የሚጭን ከሆነም ልምምዱን ሰው ጭኖ ይድገመው፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም ሆነ የጎማው ነፋስ መጠን ያኔ ይለወጣል።