ብቻቸውን የሚሳፈሩ እናቶች

በልደታ ማርያም አጥር ዙሪያ የሚለጠፉትን የጉዞ ማስታወቂያዎች ብዙ ሰው አያነባቸውም። የቦታው ስም፣ የንግሡ ቀን፣ የመነሻው ሰዓት፣ ዋጋውና የአስተባባሪው ስልክ የሰፈረባት አንዲት ወረቀት ናት። በዚህች ወረቀት አማካይነት ግን ስልሳና ሰባ ዓመት ያለፋቸው ስንትና ስንት እናቶች ያለ ልጅ፣ ያለ ዘመድ ከአዲስ አበባ ወጥተው ግሸንን፣ ላሊበላን፣ ቁልቢንና ዝቋላን ተሳልመው ተመልሰዋል። ስለ ሀገር ጉብኝት ሲወራ እነዚህን ተጓዦች የሚያነሣቸው የለም። ጎብኚ ሲባል ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው የሚታየን፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በውድቅት ሌሊት የሚሳፈሩት እናት አይታዩንም። የሀገሪቱን ዳገትና ቁልቁለት ከብዙዎቻችን ይልቅ የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው።

መሠረታዊውን ነገር ባጭሩ ልበል። ጉዞውን የሚያዘጋጀው ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ጽዋ ማኅበር ወይም ለዚሁ የተቋቋመ የጉዞ ማኅበር ነው። ትኬቱ ሁልጊዜ መጓጓዣውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ምግቡን ያካትታል። መኪናው እንደ ሰዉ ብዛት ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ቅጥቅጥ ወይም ኮስተር ይሆናል። አዳዲ ማርያምና ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ ናቸው። ራቅ ሲል አዳር አለ፤ አዳሩም በአዳራሽ ወይም በድንኳን፣ ምንጣፍ ላይ ነው። መንገዱ በጸሎት ይጀመራል፣ በመዝሙርና በስብከት ይገፋል፤ ለገዳሙ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይያዛል፣ ከገዳሙ ደግሞ ጠበልና እምነት ይመጣል።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ትልቅ ንግድ ሆኗል። በእንግሊዝ ፎክስተን ከተማ ሲድኒ ደ ሃን የተባለ ባለ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1951 ከበጋ ወራት ውጭ ሆቴሉ ጦሙን እንዳያድር ብሎ ጡረተኞችን በቡድን ማስተናገድ ጀመረ፤ ሳጋ የሚባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ኤልደርሆስቴል እ.ኤ.አ. በ1975 አረጋውያንን በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች እያሳደረ ማስተማር ጀመረ፤ ዛሬ ሮድ ስኮላር በሚለው ስም ይታወቃል። በእነዚያ ሀገሮች ብቻውን የሚጓዝ አረጋዊ አንድ የታወቀ ቅሬታ አለው። የሆቴል ክፍል ዋጋ ለሁለት ሰው ታስቦ ስለሚወጣ ብቻውን የመጣው ጭማሪ ይከፍላል። በእኛ ጉዞ ይህ የለም። ትኬቱ በነፍስ ወከፍ ነው፣ ምንጣፉም የጋራ ነው፤ ብቻቸውን የመጡት እናት ከሌላው ሰው አንዲት ሳንቲም አስበልጠው አይከፍሉም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «እናትሽን ብቻቸውን ላክሻቸው?» የሚል ወቀሳ በየሰፈሩ እሰማለሁ። ልጆችም ይህን ወቀሳ ፈርተው ወይ ይከለክላሉ፣ ወይ ያለ ፍላጎታቸው ተከትለው ይሄዳሉ። ብቻ የሚሄድ አረጋዊ ጧሪ የሌለው፣ የተጣለ ነው የሚል ሐሳብ ሥር ሰዷል። ከጡረታ ወዲህ ይህን ጉዞ አዘውትሬ ስሄድ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ከልጃቸው ጋር የመጡ እናት ከልጃቸው ጋር ይቀመጣሉ፣ ከልጃቸው ጋር ይበላሉ፣ «እማዬ ይበቃሻል»፣ «እማዬ ያምሻል» ሲባሉ ይውላሉ። ብቻቸውን የመጡት ግን መኪናው ሱሉልታን ሳያልፍ ዘመድ አፍርተዋል። ቤት ውስጥ እናት፣ አያት፣ ቤት ጠባቂ ናቸው። እዚያ ግን ጠበል መግባታቸውን፣ አቀበቱን መውጣታቸውን፣ ስለ ማን እንደሚጸልዩ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ይህን ነጻነት በሰባ ዓመታቸው የሚሰጣቸው ሌላ ምን አለ?

«ቢጠፉስ?» ይባላል። የጉዞው ትልቅ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መኪናው ከየማረፊያው ሲነሣ አስተባባሪው ሰው መቁጠር አለበት። ጀማሪ አስተባባሪ በመተላለፊያው እየሄደ ራስ ይቆጥራል። ይህ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አንዱ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ያስቀምጣል፤ አንዱ ሕፃን ታቅፏል፤ ሌላው የሁለተኛው መኪና ተሳፋሪ ሆኖ ከጓደኛው ጋር ለመጫወት እዚህ ተቀምጧል። በዚህ መካከል ቁጥሩ ሞልቶ ሰው ይጎድላል። ልምድ ያለው አስተባባሪ ቁጥሩን እንኳ ቢቆጥር በሱ አይተማመንም፤ ከፊት ቆሞ «ከጎናችሁ ያልመጣ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ጥያቄ ኃላፊነቱን ከአንድ ሰው ትከሻ አንሥታ ለሁሉም ታካፍላለች። መልሱም ከቁጥር የተሻለ ነው። «ሰማያዊ ሻርፕ የለበሱት እናት አልመጡም፤ ወደ ጠበሉ በኩል ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ» ይባላል። አስተባባሪው ማን እንደጎደለ ብቻ ሳይሆን ወዴት ሄዶ እንደሚፈልግም ያውቃል።

ጥያቄዋ የምትሠራው ግን ወንበር ሲታደል አንድ ነገር ከተጠበቀ ነው። ብቻቸውን የመጡ ሰዎች ከመነሻው እስከ መመለሻው አንድ ቦታ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር መቀመጥ አለባቸው። ጎበዝ አስተባባሪ ብቻቸውን የተመዘገቡትን እናቶች ከየአቅጣጫው አምጥቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በተቻለው መጠንም የዕድሜ እኩያ ያደርጋቸዋል። «እናቴ፣ እስከምንመለስ እሳቸውን አደራ፤ እርስዎንም ለእሳቸው አደራ ብያለሁ» ይላል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አስተባባሪ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ስንሄድ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ የደም ግፊት ኪኒናቸውን የቋጠሩባትን መሐረብ በእጄ አስጨበጡኝ። «ልጄ፣ እንቅልፍ ከወሰደኝ በሁለት ሰዓት ቀስቅሰሽ ስጪኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በፊት አይተውኝ አያውቁም። ስሜን የጠየቁኝም ኪኒናውን ከዋጡ በኋላ ነበር።

አንድ ጊዜ ከደብረ ሊባኖስ ስንመለስ ሰው ጥለን መጣን። የጠፉት ግን ብቻቸውን የመጡ ሰው አልነበሩም፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አጅበዋቸው የመጡ አባት ነበሩ። ሁለት መኪና ነበርን፤ አንደኛው ልጅ በፊተኛው፣ ሌላው በኋለኛው ተሳፍሯል። እያንዳንዱ አባቱ ከወንድሙ ጋር ናቸው ብሎ አምኗል። አስተባባሪውም ልጆች ስላሏቸው ለማንም አደራ አላላቸውም። ሙከ ጡሪ ላይ ለምሳ ስንወርድ ወንድማማቾቹ ተያዩና ደነገጡ። ፊተኛው መኪና ተመልሶ ሲሄድ አባት በቅጥሩ ውስጥ ከአንድ መነኩሴ ጋር ጨዋታ ይዘው ተገኙ። እኛ በድንጋጤ ስንርድ እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። «ከልጆቹ ጋር ስለሆኑ አያሰጋም» የሚለውን አነጋገር ከዚያ ወዲህ አልቀበልም፤ ሁለት ልጅ ያላቸው አባት ሲቀሩ፣ በዚያው ጉዞ ብቻቸውን የመጡት እናቶች በሙሉ በየወንበራቸው ነበሩ።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ «ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» ከማለት «ማን ነው የሚያስተባብረው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናታችሁን ስልክ ብቻ ይዛችሁ በየሰዓቱ አትደውሉ፤ ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ እናንተም ትጨነቃላችሁ፣ እሳቸውም ባትሪ ይጨርሳሉ። የአስተባባሪውን ስልክ ያዙ፤ ለእሱም ስለ ሕመማቸውና ስለ መድኃኒታቸው ንገሩት። ወጣት ተጓዦችም ኮስተር ውስጥ በመተላለፊያው የምትዘረጋውን ተጣጣፊ ወንበር ለአረጋዊ አትስጡ። ከኋላ አንድ ሰው በወረደ ቁጥር እዚያ የተቀመጠ ሰው ይነሣል፣ ወንበሩ ይታጠፋል፣ እንደገና ይዘረጋል። የጉልበት ሕመም ላለባቸው ሰው ይህ ቅጣት ነው። የቅጥቅጥ ደረጃም ከፍ ያለ ነውና ረዳቱ በርጩማ ይዞ ይሂድ፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ቦታም አትይዝም።

እናቶችንም የምወቅስበት አንድ ነገር አለ። መኪና ላስቆም ነው፣ ሰው ይታዘበኛል ብለው ከዋዜማው ጀምረው ውኃ አይጠጡም። ሰሜን ሸዋ ላይ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ይወረዳል። ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ የተንቀጠቀጠ ሰው ከቀትር በፊት በላብ ይጠመቃል። ውኃ ያልጠጣ አረጋዊ፣ በተለይ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ እዚያ ቆላ ውስጥ ራሱን ቢስት አይደንቅም። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መሄድም እግር ያሳብጣል። ስለዚህ መኪናው በየሁለት ሰዓቱ መቆም አለበት፤ ይህን ትኬት ሲቆርጡ መጠየቅ መብት ነው። መድኃኒት ማቋረጥንም በሃይማኖት የሚያሳብቡ አሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ ተናግረው ነበር። የግፊት ኪኒና ከዚያ የተለየ አይደለም።

ቦታዎቹን ሁሉ እዚህ ለመዘርዘር አልችልም፤ የጥቂቶቹን የንግሥ ቀን ግን ልጥቀስ። ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19፣ ግሸን ማርያም በመስከረም 21፣ አክሱም ጽዮን በኅዳር 21፣ ላሊበላ በታኅሣሥ መጨረሻ ለልደት፣ ዝቋላ አቦ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ይነግሣሉ። ግሸን ከሁሉም ትከብደኛለች፤ ከሁሉም እወዳታለሁ። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያረፈባት በመሆኗ፣ አምባዋም ራሷ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋች በመሆኗ፣ የወጣ ሁሉ ጉልበቱን ረስቶ ነው የሚወጣው። መውረዱ ግን ጉልበትን ያስታውሳል፤ ምርኩዝ ሳይዙ አይሂዱ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት እንዳሉም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ደብረ ዳሞና በጣና ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ እንዲህ ናቸው። እስከ ወደቡ ድረስ ሄዶ ከጀልባ መቅረት ያስከፋል፤ አስተባባሪው ትኬት ሲሸጥ ሊነግር ይገባል።

ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የሰሜኑ ጉዞ እንደ ድሮው አይደለም። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ብዙ ማኅበራት ፊታቸውን ወደ ቅርቡ አዙረዋል። አዳዲ ማርያም ከዚህ የተነሣ የሚገባትን እንግዳ አገኘች። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወጥተው፣ መልካ ቁንጥሬን አልፈው የሚደርሱባት፣ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ላሊበላ ለመሄድ ጉልበት ያጣ አረጋዊ የአለት ሕንፃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚዳስሰው እዚህ ነው።

ልደታ ለዚህ ጉዞ የተለየ ምክንያት አላት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ለዓመታት አጥር ተጋርቶ የኖረ ሰው ተበተነ። አንዱ ሰፈሩ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ሌላው ከከተማው ዳር ወጣ፤ ብዙ ዕድርም ላላ። ያ ጎረቤት ዛሬ የሚገናኘው በግንቦት 1 በልደታ ንግሥ ነው፣ ቀሪውን ዓመት ደግሞ በጉዞ መኪና ውስጥ። ከዳር ሰፈር የሚመጡት ከዋዜማው መጥተው በግቢው ወይም በዘመድ ቤት ያድራሉ፤ መነሻው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሆነ የከተማው ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም፣ ታክሲም አይገኝም። ማኅበራቱ ከጦር ኃይሎች ወይም ከሜክሲኮ የሚያነሣ አንድ መኪና ቢመድቡ ብዙ እናት ያተርፋሉ።

መሄድ ለሚፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ትኬት ሲቆርጡ ስምዎንና ስልክዎን ብቻ አይስጡ፤ የአንድ ልጅዎን ስልክ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ያለብዎትን ሕመም በአንድ ብጣሽ ወረቀት አጽፈው አንዱን ለአስተባባሪው ይስጡ፣ አንዱን በቦርሳዎ ያኑሩ። ከዚያ «ብቻዬን ነኝ፣ ከማን ጋር ነው የሚያስቀምጡኝ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያለው ማኅበር ጋር ይሂዱ።