ዳገቱና የልብ በር

ከለገሃር ተነስቶ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ የያዘ ሰው ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ቴዎድሮስ አደባባይን ያገኛል። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ እውነተኛው መድፍ መቅደላ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ዳገት ሲወጣ ልቡ ትዝ አይለውም። ከአደባባዩ ቁልቁል ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የገባ ወጣት ግን «ዳገት ስትወጣ ያደክምሃል?» ተብሎ ይጠየቃል።

ጥያቄው መሠረት አለው። በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል የተባለው በር ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ጠባሳ ይዞት ከ1.5 በታች ሲጠብ ደም ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ዳገት ላይ ደግሞ ልብ ይፈጥናል፤ በሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ያጥራል። ሜዳ ላይ የተደበቀው ሕመም ዳገቱ ላይ ይጋለጣል።

ጠባሳው የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ «ቶንሲል» ሲይዘው፣ መንስኤው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነና ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት የሠራው መከላከያ ከሳምንታት በኋላ የራሱን ልብ ሊወጋ ይችላል፤ የሁለቱ ፕሮቲኖች ይመሳሰላሉና። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል። ለዚህ ነው የአንደኛ ደረጃ ተማሪነት ቁስል በ20ዎቹ ዕድሜ፣ ሥራ ሲያዝ ወይም ሲረገዝ፣ ብቅ የሚለው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ የልብ ሕመም አለባቸው።

የጉሮሮው ሕመም እንዳይደጋገም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያማል፤ ይሁንና ልብን ያተርፋል። ዩጋንዳ ውስጥ ሕመሙ ገና በጀመራቸው 818 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መርፌውን ከወሰዱት በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው ከ100 አንድ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ካልወሰዱት ግን ስምንት ያህል።

በሩ ከተበላሸ ቀዶ ጥገና ይመጣል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ ሕክምናን ለማቋቋም ለዓመታት ደክመው፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ለእኔ ይህ ከከተማዋ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው።

ብዙ ሰው ግን «ተቀዶ ዳነ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወጣት ኑሮ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የተበላሸው በር ከካርቦን በተሠራ ሰው ሠራሽ በር ከተተካ፣ ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚባል ክኒን በየቀኑ ይዋጣል። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ ጎመን ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የተሞላ ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ጎመን የሚያዘወትር፣ ፋሲካ ሲገባ ወደ ዶሮና ሥጋ የሚሻገር ሰው የደሙ የመርጋት ልክ ይዋዥቃል። ጎመን ክልክል ነው ብለው የሚፈሩ እናቶች አሉ፤ ክልክል አይደለም። የሚጎዳው መለዋወጡ ነው፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰል፣ የደም ምርመራውም አይቋረጥ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ዳይክሎፊናክ ግን ደም ሊያፈስ ይችላል። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም ሐኪሙ ስለ በሩ ማወቅ አለበት።

ለወጣት ሴት ምርጫው ይከብዳል። ዋርፋሪን በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ከእንስሳ ኅብረ ሕዋስ የሚሠራው በር ያለ ዋርፋሪን መኖር ቢያስችልም በወጣት አካል ውስጥ ቶሎ ያረጃል፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገናም ይጠይቃል። ይህ ውይይት ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ከእርሷ ጋር፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት መካሄድ አለበት።

ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል የካርቦኑ በር ሲዘጋ ትክ ትክ ይላል፤ አጠገብ የተኛ ሰውም ሊሰማው ይችላል። ጠዋት የዚያ ድምፅ ባለቤት ወደ ፒያሳ ሽቅብ ይወጣል። አደባባዩ ጋ ቆም የሚለው መኪና ለማሳለፍ ነው።